አውቶቡሱ ድንገት ሲቆም ወደ ፊት የሚወረውረን ማነው?
ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ የተዘጋጀ ትምህርት



ዛሬ በዚህ ገጽ ከፊደልና ከተረት ትንሽ ወጣ ብለን ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ እንማራለን። «ይኼንንማ በእንግሊዝኛው ትምህርት ቤት ተምረነዋል!» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በጣም ጥሩ። ነገር ግን በእንግሊዝኛ የተማራችሁትን ለእማማ፣ ለአባባ ወይም ለአያታችሁ በአማርኛ ማስረዳት ስትችሉ ሁለት ጊዜ አወቃችሁት ማለት ነው። ወላጆችም የልጆቻችሁን የሳይንስ የቤት ሥራ በራሳችሁ ቋንቋ ለማገዝ እንዲመቻችሁ ቃላቱን በአማርኛ አስቀምጬላችኋለሁ።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ይህ ትምህርት ሕይወት ያድናል። እንዴት እንደሚያድን ወደ መጨረሻው እንደርስበታለን፤ እስከዚያው ግን ደረጃ በደረጃ እንሂድ።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ኃይል ምንድን ነው?

ኃይል ማለት በአጭሩ መግፋት ወይም መሳብ ነው። በር ስትከፍቱ ትገፋላችሁ፣ የጫማችሁን ክር ስታጠብቁ ትስባላችሁ፣ እማማ ሊጥ ስታቦካ ትገፋለች፣ ትስባለች። ኳስ መምታትም ያው መግፋት ነው፤ አጭርና ፈጣን ግፊት።

ኃይል ምን ምን ይሠራል? የቆመውን ነገር ያንቀሳቅሳል። የሚንቀሳቀሰውን ያፈጥናል፣ ያዘገያል ወይም ያቆማል። አቅጣጫ ያስቀይራል። ቅርጽም ይለውጣል፤ ሊጡን አስታውሱ። በኳስ ሜዳ ላይ እነዚህን ሁሉ ታያላችሁ። አጥቂው ሲመታ ኳሷ ትነሣለች፣ ተከላካዩ በጭንቅላቱ ሲነካት አቅጣጫዋን ትቀይራለች፣ በረኛው ሲይዛት ትቆማለች።

ኃይል የሚለካው በኒውተን ነው። 100 ግራም የሚመዝን ትንሽ ፖም በመዳፋችሁ ስትይዙ፣ ፖሙ እጃችሁን ወደ ታች የሚጫንበት ኃይል 1 ኒውተን ያህል ነው።

ስሙ የመጣው ከሰር አይዛክ ኒውተን ነው። ኒውተን የተወለደው እዚሁ እንግሊዝ አገር፣ ሊንከንሻየር ውስጥ ዉልስቶርፕ በምትባል መንደር፣ በ1642 በገና ዕለት ነው። በዚያን ዘመን እንግሊዝ የምትጠቀመው በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ስለነበር የእነርሱ ገናና የእኛ ገና በአንድ ቀን ይውሉ ነበር። ስለዚህ ሊቁ የተወለደው በእኛ ታኅሣሥ 29 ቀን ነው ማለት ነው! በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ ሦስቱን የእንቅስቃሴ ሕጎች ጻፈ። ከ1696 ጀምሮ ደግሞ የመንግሥት ሳንቲም በሚቀረጽበት ቤት ኃላፊ ሆኖ ሠርቷል። እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይህ ታሪኩ ደስ ይለኛል። በ1727 ሲሞት የተቀበረው እዚህ ለንደን፣ ዌስትሚኒስተር አቤይ ውስጥ ነው።

2. ፍጥነትን እንዴት እናሰላለን?

በ2012 ለንደን ባዘጋጀችው ኦሊምፒክ ጥሩነሽ ዲባባ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ አገኘች። የገባችበት ሰዓት 30 ደቂቃ ከ20.75 ሰከንድ ነበር። እስቲ ፍጥነቷን እናስላ።

ፍጥነት = ርቀት ÷ ጊዜ

30 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ማለት 1,820 ሰከንድ ነው። 10,000 ሜትር ለ1,820 ሰከንድ ሲካፈል 5.5 ሜትር ገደማ ይሆናል። ይኸውም ጥሩነሽ በእያንዳንዱ ሰከንድ በአማካይ አምስት ሜትር ተኩል ትሮጥ ነበር ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት 100 ሜትር ለመጨረስ 18 ሰከንድ ይበቃል። ከእናንተ መካከል 100 ሜትርን በ18 ሰከንድ የሚሮጥ አይጠፋም። ጥሩነሽ ግን ያንን 100 ጊዜ፣ በመካከል ሳታርፍ ነው የሮጠችው!

3. የመጀመሪያው ሕግ፦ የቆመ መቆም፣ የሚሄድ መሄድ ይወዳል

አሁን ወደ አውቶቡሱ እንመለስ። ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ውስጥ ቆማችኋል። ሹፌሩ ድንገት ሲነሣ ወደ ኋላ ትንገዳገዳላችሁ። ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት ትወረወራላችሁ። ወደ ግራ ሲታጠፍ ደግሞ ወደ ቀኝ ትገፋላችሁ። ታዲያ ማነው የሚገፋችሁ?

መልሱ፦ ማንም! አውቶቡሱ ሲቆም የቆመው አውቶቡሱ ነው። የእናንተ ሰውነት ግን በነበረበት ፍጥነት መሄዱን ይቀጥላል፤ የሚያቆመው ነገር እስኪያገኝ ድረስ። ያ ነገር የያዛችሁት ብረት ሊሆን ይችላል፣ ከፊታችሁ ያለው መቀመጫ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ከፊታችሁ የቆሙት እናት ጀርባ ሊሆን ይችላል። (ይቅርታ መጠየቅ እንዳትረሱ!)

የኒውተን የመጀመሪያ ሕግ ይህ ነው። የቆመ ነገር ኃይል ካልነካው እንደቆመ ይቀራል፤ የሚንቀሳቀስ ነገርም ኃይል ካልነካው በዚያው ፍጥነትና በዚያው አቅጣጫ መንቀሳቀሱን ይቀጥላል። እንግሊዝኛው ይህንን ጠባይ ኢነርሺያ ይለዋል። እኛ «ባሉበት የመቀጠል ጠባይ» ልንለው እንችላለን።

«ታዲያ የመታሁት ኳስ ለምን ይቆማል?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ኳሱን የሚያቆመው ሣሩና አየሩ ናቸው። እነርሱ በሌሉበት በጠፈር ምን እንደሚሆን እዩ፦ ቮየጀር 1 የተባለችው መንኮራኩር በ1977 ተወነጨፈች። ወደ ፊት የሚገፋት ሞተር ሳይኖር እስካሁን በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘች ነው።

እቤት ሞክሩት (ሀ)። በብርጭቆ አፍ ላይ የመጫወቻ ካርታ አድርጉ፤ በካርታው መካከል ሳንቲም አስቀምጡ። ካርታውን በጣታችሁ በፍጥነት ወደ ጎን ምቱት። ካርታው ይበራል፤ ሳንቲሙ ግን ብርጭቆው ውስጥ ጠብ ይላል። የቆመው ሳንቲም ባለበት መቆየት ስለሚወድ ካርታው ይዞት ለመሄድ ጊዜ አላገኘም።

እቤት ሞክሩት (ለ)። አንድ ጥሬና አንድ የተቀቀለ እንቁላል ጠረጴዛ ላይ አሽከርክሩ። ሁለቱንም በጣታችሁ ለቅጽበት ነክታችሁ አቁሙና ወዲያው ልቀቁ። የተቀቀለው ቆሞ ይቀራል። ጥሬው ግን እንደገና መሽከርከር ይጀምራል። ምክንያቱም ያቆማችሁት ቅርፊቱን እንጂ ውስጡ ያለውን ፈሳሽ አይደለም። ፈሳሹ ልክ እንደ አውቶቡሱ ተሳፋሪ ጉዞውን አላቋረጠም። ይህንን እንቁላል አትርሱት፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

4. ሰበቃ

ሁለት ነገሮች ሲነካኩና አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተት እንቅስቃሴውን የሚቃወም ኃይል ይፈጠራል። ይህ ሰበቃ ይባላል። መዳፎቻችሁን አፋትጉ፤ ሞቃቸው? የሰበቃ ሥራ ነው። ክብሪት ሲጫር የሚቀጣጠለውም ሰበቃው በፈጠረው ሙቀት ነው።

ሰበቃ አንዳንዴ ጠላት ነው። የበር ማጠፊያ ሲንቋቋ ዘይት የምናደርግበት ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ወዳጅ ነው። ሰበቃ ባይኖር መራመድ አንችልም፤ በክረምት በረዶ ላይ የተራመደ ሰው ያውቀዋል። የመኪናም ፍሬን ሆነ ጎማ ሥራቸውን የሚሠሩት በሰበቃ ነው። መንገዱ ሲረጥብ ሰበቃው ስለሚቀንስ መኪና ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋል።

5. ሁለተኛው ሕግ፦ ከባዱን ለማንቀሳቀስ ብዙ ኃይል

ሱፐርማርኬት ውስጥ ባዶውን ጋሪ ስትገፉት ይፈተለካል። ያንኑ ጋሪ በውኃ ጠርሙሶችና በዱቄት ከረጢት ሞልታችሁ በዚያው ኃይል ብትገፉት ቀስ ብሎ ነው የሚነሣው። አንዴ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ማቆሙም ያስቸግራል። ሕጉ በሒሳብ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

ኃይል = መጠነ ቁስ × በየሰከንዱ የሚኖረው የፍጥነት ለውጥ

መጠነ ቁስ ማለት አንድ ነገር የያዘው የቁስ ብዛት ሲሆን በኪሎ ግራም ይለካል። ሰበቃውን ለጊዜው እንተወውና፣ የ20 ኪሎ ጋሪ ፍጥነት በየሰከንዱ በ1 ሜትር በሰከንድ እንዲጨምር 20 ኒውተን ያስፈልጋል። ጋሪው 60 ኪሎ ከሆነ 60 ኒውተን ያስፈልጋል።

ክብደትና መጠነ ቁስ አንድ አይደሉም። ክብደት ማለት መሬት እኛን ወደ ራሷ የምትስብበት ኃይል ነው። ጨረቃ የምትስበው የመሬትን አንድ ስድስተኛ ያህል ስለሆነ፣ እዚህ ሚዛን ላይ 30 ኪሎ የሆነ ልጅ ያንኑ ሚዛን ጨረቃ ላይ ወስዶ ቢቆምበት 5 ኪሎ ያሳየዋል። ልጁ ግን አልከሳም! መጠነ ቁሱ ያው 30 ነው።

6. ሦስተኛው ሕግ፦ ገፊ ሁሉ ይገፋል

አንድን ነገር ስትገፉት እርሱም በእኩል ኃይል፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ይገፋችኋል። በጣና ሐይቅ ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ውኃውን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ውኃው ደግሞ ታንኳውን ወደ ፊት ይገፋል። ጥሩነሽ ስትሮጥ በእግሯ መሬቱን ወደ ኋላ ትገፋ ነበር፤ መሬቱ ደግሞ እርሷን ወደ ፊት። የሯጮች ጫማ ከሥሩ ሹል ብረት ያለው መሬቱን ቆንጥጦ ለመግፋት እንዲመች ነው።

«ሁለቱ ኃይሎች እኩል ከሆኑ ለምን አይጣፉም?» ብትሉ፣ የሚያርፉት በተለያዩ ነገሮች ላይ ስለሆነ ነው። አንዱ ውኃው ላይ፣ ሌላው ታንኳው ላይ ነው። ፊኛ ነፍታችሁ አፉን ሳታስሩ ልቀቁት፤ አየሩ ወደ ኋላ ሲወጣ ፊኛው ወደ ፊት ሲበር ሦስተኛውን ሕግ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

7. አሁን ወደ መኪናው እንግባ

እንግሊዝ አገር መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው ሁሉ የሚያጠናው ሃይዌይ ኮድ የሚባል የመንገድ ደንብ መጽሐፍ አለ። እዚያ ውስጥ መኪና ለመቆም የሚፈልገው ርቀት ተጽፏል። የመጀመሪያው ቁጥር ሹፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ የሚሄደው ነው፤ ሁለተኛው ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚሄደው ነው።

በሰዓት 20 ማይል፦ 6 + 6 = 12 ሜትር
በሰዓት 30 ማይል፦ 9 + 14 = 23 ሜትር
በሰዓት 40 ማይል፦ 12 + 24 = 36 ሜትር
በሰዓት 60 ማይል፦ 18 + 55 = 73 ሜትር

ቁጥሮቹን በደንብ እዩአቸው። ፍጥነቱ ከ30 ወደ 60 እጥፍ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቁጥር እጥፍ ሆነ፤ ከ9 ወደ 18። ሁለተኛው ግን አራት እጥፍ ገደማ ሆነ፤ ከ14 ወደ 55። ይህ ሁሉ ደግሞ ደረቅ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ልጆች፣ መንገድ ስትሻገሩ «ሹፌሩ አይቶኛል፣ ይቆምልኛል» አትበሉ። ቢያያችሁም፣ ቢፈልግም፣ በ30 ማይል የሚመጣ መኪና ሁለት አውቶቡሶች ተከታትለው ቢቆሙ የሚኖራቸውን ርዝመት ያህል ሳይሄድ መቆም አይችልም። ሕጉ የፊዚክስ ሕግ ነው፤ ልመና አይሰማም።

በ30 ማይል የሚሄድ መኪና ከግንብ ጋር ቢጋጭስ? መኪናው ይቆማል። ቀበቶ ያላሰረ ሰው ግን አይቆምም። እንደ ጥሬው እንቁላል ፈሳሽ በ30 ማይል መሄዱን ይቀጥላል። በዚህ ፍጥነት ከመኪናው ውስጥ አካል ጋር መጋጨት ከ9 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከሦስት ፎቅ ገደማ ወድቆ መሬት ከመምታት ጋር እኩል ነው። ከኋላ መቀመጥ አያድንም። እንዲያውም ከኋላ ያለው ሳይታሰር ከቀረ ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው ይመታል።

ወላጆች፣ ይህቺን ቀጣይዋን ስሌት ከልጆቻችሁ ጋር ሥሯት። 8 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በእናቱ እቅፍ ውስጥ ነው እንበል። በሰዓት 30 ማይል ማለት በሰከንድ 13 ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ተጋጭቶ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ቢቆም፦

የፍጥነት ለውጥ፦ 13 ÷ 0.1 = 130
ሕፃኑን ለመያዝ የሚያስፈልግ ኃይል፦ 8 × 130 = 1,040 ኒውተን

ይህ ከ100 ኪሎ በላይ የሆነ ክብደት ነው። እናት ልጇን ምን ያህል ብትወድ፣ ክንዷ ምን ያህል ቢጠነክር፣ ድንገት የተጣለባትን አንድ ኩንታል ጤፍ በሁለት እጇ ልትይዝ አትችልም።

ይህንን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከክርስትና ወይም ከሠርግ ስንመለስ ሰው ይበዛል፣ መኪና ያንሳል። «ቅርብ ነው፣ ሕፃኑን እቀፊው» ይባላል። ታላቅ ሰው ሲለው ደግሞ እምቢ ማለት ይከብዳል። ይሉኝታ ግን ፍሬን አይይዝም። ሁለት ዙር መመላለስ ይሻላል።

8. ቀበቶ እንዴት ያድናል?

ዛሬ በየመኪናው የምናየውን በሦስት ቦታ የሚታሰር ቀበቶ በ1959 የሠራው ስዊድናዊው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ነው። የሚሠራበት የቮልቮ ኩባንያም ሌሎች መኪና ሠሪዎች በነፃ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ።

ቀበቶው ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ኃይሉን በጠንካራ አጥንቶች ላይ፣ ማለትም በደረትና በዳሌ ላይ ያከፋፍለዋል። ሁለተኛ፣ ትንሽ እየተለጠጠ የምንቆምበትን ጊዜ ያረዝመዋል። የተወረወረ እንቁላል ሳይሰበር ለመያዝ እጃችሁን ወደ ኋላ እየሳባችሁ አይደል የምትቀበሉት? ጊዜው ሲረዝም ኃይሉ ይቀንሳል።

እዚህ አገር ከፊት የሚቀመጥ ሰው እንዲታሰር ግዴታ የሆነው በ1983 ነው። ከኋላ ለሚቀመጡ ልጆች በ1989፣ ለአዋቂዎች በ1991 ግዴታ ሆነ። ልጅ 12 ዓመት እስኪሞላው ወይም ቁመቱ 135 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ፣ ከሁለቱ የቀደመው እስኪመጣ ድረስ በልጅ መቀመጫ መሄድ አለበት።

ሦስት ነገሮች ልብ በሉ፦

ቀበቶው በብብት ሥር ወይም ከጀርባ በኩል አይለፍ። ትከሻ ላይ ይረፍ።

ወፍራም የብርድ ካፖርት ከቀበቶው በታች አይሁን፤ በግጭት ጊዜ ይታመቅና ቀበቶው ላልቶ ይገኛል። ካፖርቱን አውልቃችሁ እሰሯቸው፤ ብርድ ከሆነ ጋቢውን ከቀበቶው በላይ አልብሷቸው።

ልጆች፣ እናንተም ተቆጣጣሪ ሁኑ። አያታችሁ ካላሰሩ በትሕትና «እማማ፣ ቀበቶዎትን ላስርልዎት?» በሉ። ይመርቋችኋል እንጂ አይቆጧችሁም።

አዳዲስ ቃላት

ኃይል፦ መግፋት ወይም መሳብ
ፍጥነት፦ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የተሄደ ርቀት
ሰበቃ፦ የሚነካኩ ነገሮችን እንቅስቃሴ የሚቃወም ኃይል
መጠነ ቁስ፦ አንድ ነገር የያዘው የቁስ ብዛት
ስበት፦ መሬት ነገሮችን ወደ ራሷ የምትስብበት ኃይል

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. አውቶቡስ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ወደየት እንገፋለን? ለምን?
2. ሰበቃ ጠላት የሆነበትንና ወዳጅ የሆነበትን አንድ አንድ ምሳሌ ከቤታችሁ ፈልጉ።
3. በሰከንድ 4 ሜትር የምትሮጥ ልጅ 200 ሜትር በስንት ሰከንድ ትጨርሳለች?
4. በሰዓት 20 ማይል የሚሄድ መኪና ወደ 40 ማይል ቢያፈጥን፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚሄደው ርቀት ስንት እጥፍ ይሆናል?
5. በዚህ ሳምንት ለአንድ ታላቅ ሰው፣ በስልክም ቢሆን፣ ቀበቶ ለምን እንደሚያስፈልግ በአማርኛ አስረዱ። የጠየቋችሁን ጥያቄ ጽፋችሁ አምጡ።

መልሶቻችሁን በደብተራችሁ ይዛችሁ ቅዳሜ እንገናኝ። ወደ ክፍል ስትመጡ መኪና ውስጥ ከሆናችሁ፣ «ቀጭ» የሚለውን የቀበቶ ድምፅ ሳትሰሙ ሞተሩ እንዳይነሣ!

ቸር ሰንብቱ።

ከበጎ ፈቃድ መምህራችሁ